የራሴ ኩባያ

በዘጠኝ ዓመቴ እናቴ በወር በወሩ ለሰው ትሰጠኝ ነበር።

ያኔ የገባኝ እንደዚያ ነው። እናቴ ሀብትነሽ ብቸና ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች የሚጠጡት የማርያም ማኅበር ነበራት። ወር በገባ በሃያ አንድ በተረኛዋ ቤት ይደገሳል፤ ቄሱ ዳቦውን ይባርካሉ፤ ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በነጠላዋ ሸፍና ትወስደዋለች፤ ሌሎቹም እልል እያሉ እስከ ደጇ ይሸኟታል። ዓመት ሲሞላ ጽዋው አሥራ ሁለቱንም ቤት አዳረሰ ማለት ነው። በ1994 ዓ.ም. እኔም አብሬው ዞርኩ። ማኅበርተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን እኔ ደጋሿ ቤት እቀራለሁ። እናቴ ዕቃ ማጠብ አግዢያቸው ትለኝና ወጥታ ትሄዳለች። የአንድ ቀን ድግስ ዕቃ ስምንት ቀን እንደማይታጠብ ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት በቂ ነው፤ ስለዚህ የሰለቸኋት መሰለኝ።

እኔና እናቴ ሁለት ብቻ ነበርን። አባቴ ወታደር ነበር፤ ከጦር ሜዳ በእግሩ ተመልሶ በሁለተኛው ዓመት አልጋ ላይ ሞተ። እናቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት። የብቸና ሙሽራ የእሷን ጥልፍ ሳትለብስ ተዳረች ማለት ዘበት ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ ቀና ሳትል ትውላለች። በዚያ ዓመት ግን ቶሎ ቶሎ ይደክማት ጀመር፤ ቀሚሷም ሰፋት። እኔ ቀሚሱን ነበር የታዘብኩት። ራሷ የመርፌ ሰው ሆና እንዴት የማይሆናትን ትለብሳለች እያልኩ አፍርባት ነበር።

ከሰው ቤት ስመለስ ደግሞ ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም። ምን አበሉሽ፣ የት አስተኙሽ፣ ሲቆጡ እንዴት ነው የሚቆጡት፣ ከልጆቻቸው እኩል ነው ወይ የሚያዩሽ። እናቴ ወሬ ወዳድ ሆነች ብዬ ደመደምኩ። ወሬ ከወደደችማ ብዬ አሳምሬ ማምጣት ጀመርኩ። የመስከረሟ ደጋሽ እማማ አስናቀች፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃዋ፣ ተኝተው እንደሚያወሩ ጨምሬ ነገርኳት፤ ከልቧ ሳቀች። የጥቅምቷ ደጋሽ ድመታቸውን በስመ አብ ብለው እንደሚያማትቡላት ፈጠርኩ፤ ለዚያም ሳቀች። እሷ በክር ትጠልፋለች፣ እኔ በአፌ።

ስለ ጽዋው አጠጣጥ ልንገራችሁ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። ጽዋው ከቄሱ ከአባ ወልደ ኪዳን ይጀምርና በእማማ አስናቀች አልፎ፣ ሴቶቹን አንድ በአንድ አዳርሶ በሩ አጠገብ ካለችው ሴት ዘንድ ያልቃል። እናቴ ድሮ መሐል ላይ፣ ከጓደኛዋ ከእትዬ ፈንታነሽ ጎን ነበር የምትቀመጠው። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንዷ ሳትኖር የሌላዋ ስም አይጠራም። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ግን እናቴ ዝም ብላ ተነሥታ በሩ ጥግ ሄዳ ተቀመጠችና መጨረሻ ጠጣች። በጥቅምት እትዬ ፈንታነሽ በርጩማቸውን አንሥተው ከእሷም በታች ወረዱ። አንዷ ሴት ምነው ብትላቸው፣ ያረጀ ሰው ነፋስ ይወዳል ብለው መለሱ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ጠጥታ ታቀብላቸዋለች፤ እሳቸው ከእሷ ተቀብለው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ቀስ ብለው ይጠጣሉ።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። መጨረሻ የሚጠጣ ሰው የተረፈውን ጠላ ይጨልጣል። እትዬ ፈንታነሽ ጠላ ይወዳሉ። ይህንንም ለሰፈሩ ልጆች እንደሳቸው አንጋጥጬ እየጠጣሁ አሳይቻለሁ።

በኅዳር ጽዮን ተረኛዋ እትዬ ደስታነሽ ነበሩ፤ ባለ ሱቅ፣ ቤታቸው ባለ ሲሚንቶ ወለል። እዚያ ስቀር አላለቀስኩም። ማኅበሩ በተበተነ ሰዓት እትዬ ደስታነሽ ከሱቅ አዲስ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ፣ ጎኑ ላይ አበባ ያለበት፣ አምጥተው ሰጡኝ። ሳህንም አስከተሉ። በሩ አጠገብ ሚስማር መትተው ኩባያውን ሰቀሉና ለአራቱ ልጆቻቸው ይህ የስርጉት ነው፣ ማናችሁም እንዳትነኩት አሏቸው። ልጆቹ በቅናት አዩኝ። በበላሁ ቁጥር ዕቃዬን ራሳቸው፣ ለሠራተኛዋ ሳይተዉ፣ በአመድና በፈላ ውሃ ያጥቡታል። እኛ ቤት ያሉት ኩባያዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጆሮው የተሰበረ። እንዲህ ያለ ክብር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ አንዱንም ሳልጨምር ነገርኳት፤ መጨመር አያስፈልገውም ነበር። የእናቴ መርፌ ጨርቁ ላይ ቆመ። "በአመድ?" አለችኝ። አዎ፣ በአመድና በፈላ ውሃ፣ አልኳት። ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች። ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትሄጂም አለች። አለቀስኩ፣ ኩባያዬን ብዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ቀናችብኝ አልኩ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ፦ የራሴ ኩባያ ሰጡኝ ያልኩበት ቤት ሁለተኛ አልላክም።

ዛሬ ሞጣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚታደልበት ክፍል ስሠራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በየቀኑ ለባል፣ ለእናት፣ ለአማት አንዱን ነገር እደጋግማለሁ፤ በአንድ ሳህን መብላት፣ በአንድ ኩባያ መጠጣት አያስተላልፍም። ያኔ በብቸና መድኃኒቱም አልነበረም፣ የበሽታውም ስም አይጠራም፤ ያ ነገር ይባል ነበር። እናቴ ልጇ የምታድግበትን ቤት እየመረጠች ነበር። አሥራ ሁለት ወር ነበራት፣ ከእኛ ሌላ አሥራ አንድ ቤት።

የእትዬ ፈንታነሽ ተራ ጥር ሃያ አንድ፣ አስተርእዮ ማርያም ነበር። ጥምቀት ገና መውጣቱ ነው፤ እኛ ልጆች አሁንም እየጨፈርን ነበር። እሳቸውና ባላቸው ጋሽ ስማቸው ልጅ አልወለዱም። ጋሽ ስማቸው አናጺ ናቸው፤ ቤቱ የጥድ ፍቅፋቂ ይሸታል። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ስማቸው ቁመቴን በክንዳቸው ለክተው በማግስቱ ትንሽ በርጩማ ሠሩልኝ። እትዬ ፈንታነሽ ፀጉሬን ቅቤ ቀብተው ሹሩባ ሠሩኝ፤ ሲሠሩ አያሳምሙም፣ ሲጎትቱ ይቅርታ የኔ እናት ይላሉ። ሦስታችን ከአንድ ትሪ በላን። ውሃ ስጠይቅ እሳቸው የጠጡበትን አቀበሉኝ። በስምንቱ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተቆጡኝ፤ በመጋዙ ስጫወት አግኝተውኝ ነው፤ ተቆጥተው ሲያበቁ ራሳቸው አለቀሱ። እናቴን ረሳኋት ለማለት ምንም አልቀረኝም።

በሰባተኛው ቀን ከጓሮ ሆኜ ሲያወሩ ሰማኋቸው። እትዬ ፈንታነሽ ለባላቸው፣ "ሀብትነሽ እሺ ብላለች። ልጅቷ ከእንግዲህ የእኛ ናት" አሉ። ጋሽ ስማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መቼ ብለው ጠየቁ። "እሷ እስከ ፍልሰታ ብትቆይ ነው" አሉ እሳቸው።

እናቴ ከፍልሰታ በኋላ የሆነ አገር ልትሄድ ነው፤ እኔን ደግሞ እነዚህ ሊወስዱኝ ነው። የገባኝ ይኸው ነው። በርጩማው ለካ ለእንግዳ አልነበረም። ሹሩባው፣ ከአንድ ትሪ መብላቱ፣ የኔ እናት መባሉ ሁሉ ማባበያ ሆኖ ታየኝ። ይብስ ያስፈራኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ መሰንበቴ ነው። ልሰረቅ ተቃርቤ ነበር፤ ያውም ወድጄ።

በስምንተኛው ቀን እናቴ በረንዳው ላይ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ያንን የሰፋ ቀሚሷን በመቀነት አጥብቃ። እንዲህ ተዘጋጅታ ጠብቃኝ አታውቅም። ገና ከመቀመጤ፣ "ደስ አለሽ አይደል? ፈንቴ ደህና ያዘችሽ አይደል?" አለችኝ። ዓይኗ ያበራ ነበር።

"የራሴ ኩባያ ሰጡኝ" አልኳት።

"ማን?"

"እትዬ ፈንታነሽ። ሳህንም ለብቻ ነው። በአመድ ነው የሚያጥቡት።"

"ስርጉት፣ በማርያም በይ" አለችኝ።

"በማርያም" አልኩ።

ለሌላ ነገር ከሆነ እጄን ይዛ ዓይኔን አይታ ትመረምረኝ ነበር፤ ውሸቴን ታውቀዋለች። ይህን ግን ልጅ ከራሱ ሊፈጥረው አይችልም ብላ ይሆናል፤ እውነቷን ነው፣ ከራሴ አልፈጠርኩትም። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ያን ቀን ጥልፍ አልነካችም። እኔ ግን ሹሩባዬን እየዳሰስኩ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዳንኩ አልኩ።

የካቲት ሃያ አንድ በተረኛዋ ቤት እትዬ ፈንታነሽ እንደ ልማዳቸው በርጩማቸውን ይዘው ከእናቴ በታች ሊቀመጡ መጡ። እናቴ ተነሥታ ሌላ ቦታ ሄደች። ተከትለዋት ሄዱ። እንደገና ተነሣች። ሴቶቹ ሁሉ አዩ፤ ጽዋው እናቴ ዘንድ ሲደርስ አሞኛል ብላ ሳትጠጣ አሳለፈችው። እማማ አስናቀች የማኅበር ሕግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የተጣላ ሰው ጽዋ አይጠጣም፤ ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ሁለቱን አባ ወልደ ኪዳን ፊት አቀረቧቸው።

ዕርቁ እኛ ቤት ነበር፤ እኔም ከአልጋው ጫፍ ተቀምጬ ነበር። አባ ወልደ ኪዳን የእናቴም የእትዬ ፈንታነሽም የንስሐ አባት ናቸው፤ ቀልደኛ ሽማግሌ፤ ያን ዕለት ግን አልቀለዱም። እናቴን ምን በደለችሽ ብለው ጠየቋት። ምንም አለች። ምንም ካልበደለችሽ ስለ ምን ፊትሽን ነሣሻት አሏት።

"እሷ ታውቀዋለች" አለች እናቴ።

እትዬ ፈንታነሽን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ መሬት ላይ ተደፍተው የእናቴን ጉልበት ያዙና ምንም ሳይከራከሩ፣ አላደረግሁም ሳይሉ፣ ማሪኝ ብቻ አሉ። እኔም በልጅ ልቤ ለካ እውነትም ጥፋተኛ ናቸው አልኩ። ሊሰርቁኝ እንደነበር በዚህ ታወቀ። ውሸቴ ራሱ ትክክል ሆኖ ታየኝ፤ ተንፈስ አልኩ።

እናቴ ምክንያቱን ልትናገር አትችልም ነበር። ምክንያቱን መናገር በሽታውን መጥራት ነው፤ ያንን ደግሞ ለአባ ወልደ ኪዳን በንስሐ ካልሆነ በሰው ፊት አፏ አይችለውም። ዕርቁ ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ፤ ተሳሳሙ፣ አባ ፍቱኝ ተባለ፣ ሁሉም ወጣ።

ለፋሲካ እትዬ ፈንታነሽ ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ለእኔ ቀሚስ አስሰፍተው ላኩልን። እናቴ ሁለቱንም በእጄ መለሰቻቸው። የፋሲካ ዳቦ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ጠላት ላለው ሰው አይነገረውም። ዳቦውን ተሸክሜ ስደርስ እትዬ ፈንታነሽ ደጅ ላይ ነበሩ። አዩት፣ ተቀበሉኝ፣ ከራሱ ከዳቦው ቆርሰው አጎረሱኝ። እናትሽ ምን አለች ሲሉኝ ይብቃን ብላለች አልኩ፤ ይህንን እንኳ አልጨመርኩበትም። በርጩማዬ ከበሩ ጀርባ ነበረች። ቁጭ በይባት አሉኝ። በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ልነግራቸው ቃጥቶኝ ነበር። ብነግራቸው ይወስዱኛል፤ ብተወው እናቴ የእኔ ብቻ ናት። እምቢ ብዬ ሮጥኩ።

ግንቦት ልደታ ሰፈሩ ሁሉ ዛፍ ሥር ወጥቶ ንፍሮ ሲበላ እናቴ መውጣት አልቻለችም። ሰኔ ላይ ከሞጣ የአጎቷ ልጅ አክስቴ ይርጋነሽ በአውቶቡስ መጡ፤ ደብዳቤ የጻፈችላቸው እናቴ መሆኗን ያወቅሁት በኋላ ነው። አክስቴ ሁለት ቀን ሰንብተው ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ፣ አልጋ እሸና እንደሆነ፣ ቁርጥማት ይዞኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ስለ ትምህርቴ የሚጨነቁ ደግ እንግዳ ናቸው ብዬ ሦስት ግጥም አነበነብኩላቸው።

ነሐሴ ሃያ አንድ የእኛ ተራ ነበር። ገና ሳይነጋጋ እትዬ ፈንታነሽ መጡ፤ ማንም ሳይጠራቸው ውሃ ቀዱ፣ ጭቃውን ጠረጉ፣ ዳቦውን ጋገሩ። እናቴ ሂጂም ነይም አላለቻቸውም። ሴቶቹ ሲሰበሰቡ ደግፈው አስነሥተው በትራስ አስደግፈው በሩ አጠገብ አስቀመጧት። ነጭ ለብሳ ነበር። በዓመቱ ውስጥ የጠለፈችው የመጨረሻ ነገር የጽዋው ልብስ ነበር፤ በሰማያዊ ክር፣ አንዱ ጥግ ሳያልቅ ቀርቷል።

ጽዋው ዞሮ እናቴ ዘንድ ደረሰ። እትዬ ፈንታነሽ ከእሷ በታች ተቀምጠው ነበር፤ በዚያ ቀን ተነሥታ ለመሄድ አቅም አልነበራትም። ጠጣች። እትዬ ፈንታነሽ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ጽዋውን በእጃቸው ላይ አሳልፋ ለእኔ ሰጠችኝ።

"ልጄ ትጠጣ። ከእንግዲህ ቦታዬ የእሷ ነው" አለች።

ሴቶቹ እልል ማለት ጀምረው አቆሙት፤ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ማኅበርተኛ ሆኛለሁ፤ በብቸና ከእኔ በፊት በዘጠኝ ዓመቷ ጽዋ የተሰጣት የለችም። በኩራት አንጋጥጬ ጠጣሁ። የእትዬ ፈንታነሽ እጅ ባዶውን እንደተዘረጋ ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ይህን ነው እስከ ዛሬ ሳስታውሰው መቻል ያቃተኝ።

እናቴ የደመራ ማግስት ሞተች። ለቅሶው ላይ እትዬ ፈንታነሽ ሊያቅፉኝ ሲመጡ ከአክስቴ ጀርባ ተደበቅሁ። እናቴ ሳትነግራቸው የማደጊያ ቤቴን ስለለወጠችው፣ እሳቸው ልጅቷ የእኔ ናት ለማለት መብት አልነበራቸውም። በሳምንቱ በደብረ ወርቅ፣ በግንደ ወይን አድርገን ሞጣ ገባን። የማስታውሰው የአውቶቡሱን መስኮትና፣ እናቴን ለማን ትተናት እንደምንሄድ ስጠይቅ አክስቴ ፊታቸውን ማዞራቸውን ነው።

አክስቴ ይርጋነሽ ክፉ አልነበሩም። ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። ስድስት ልጅ ባለበት ቤት ሰባተኛ አድርገው አስተማሩኝ፤ ልብስ አላጓደሉብኝም፤ ዛሬ የምበላውን እንጀራ ያበሉኝ እሳቸው ናቸው። ብቻ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ዕቃዬን ሳልፈታ፣ አንድ ቢጫ ኩባያ አምጥተው ሰጡኝ። ያንቺ ነው አሉ። ደጅ፣ በረንዳው ላይ፣ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። አንድ ቀን ትንሹ ልጃቸው አንሥቶ ሲጠጣበት በጥፊ መቱትና አፉን በሳሙና አጠቡት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያኔ ነው ኩባያው ምን እንደሆነ የገባኝ። በማርያም ስም የማልኩበት ውሸት ሞጣ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። ስምንት ዓመት ጠጣሁበት።

ታዲያ ለምን ወዲያው አልተናገርኩም ትሉኛላችሁ። ለማን? እናቴ የለችም። እትዬ ፈንታነሽን ደግሞ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ዛሬ ነገ እያልኩ ሃያ ሦስት ዓመት አለፈ። ከብቸና ወደ ሞጣ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ ማንንም ስለ እሳቸው ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ክረምት አንዲት ታካሚ፣ የብቸና ልጅ፣ ስሜን መዝገቡ ላይ አይታ የጠላፊዋ የሀብትነሽ ልጅ ነሽ ወይ አለችኝ። ነኝ ስላት፣ "እትዬ ፈንታነሽ እኮ በየነሐሴው ያንቺን ተራ ይደግሱልሻል። ከራሳቸው ተራ ሌላ። ቦታዋ ይጠበቃል፣ ልጅቷ ትመጣለች ይላሉ" አለችኝ። መድኃኒቷን ሳልሰጣት ተነሥቼ ወጣሁ፤ ሌላ ነርስ ሰጠቻት።

መንገዱ በዚህ ዘመን አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ነሐሴ ላይ እንደተከፈተ ሄድኩ። ሃያ አንድ ቀን በማለዳ ደጃቸው ስደርስ እትዬ ፈንታነሽ ጎንበስ ብለው ደጁን ይጠርጋሉ። ጋሽ ስማቸው ሞተዋል፤ የጥዱ ሽታ ግን አሁንም አለ። ቀና ብለው ሲያዩኝ መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። ስሜን አልጠሩም፤ ሀብትነሽ አሉኝ። ፊቴ የእሷ ነው።

አስገብተውኝ ሲያበቁ ከጓዳ ትንሿን በርጩማ አመጡ። አትችለኝም፤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ እግራቸው ሥር። ዳቦው ገና እየበሰለ ነበር። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ ሰማያዊውን ኩባያ፣ ከጓሮ የሰማሁትን፣ በማርያም ማለቴን። ስጨርስ ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም።

በኋላ እንዲህ አሉ፤ "በዚያ ጥር ሃያ አንድ፣ በራሴ ቤት፣ እናትሽ ጠጥታ ጽዋውን ስታቀብለኝ፣ አፉን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከንፈሯ ቆስሎ አይቼ ፈራሁ። እሷ ታውቀዋለች ስትል ያየችኝ መሰለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ያየችኝ መሰለኝ።"

"አላየችዎትም" አልኳቸው። "ብታይ ኖሮ ስምንት ቀን እዚህ አትተወኝም ነበር።"

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲቀል አየሁ፤ ትከሻቸው ወረደ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ወጣት መሰሉ። ከዚያ ሌላው ነገር ደረሰባቸው። እንዴት እንደደረሰባቸው አየሁት።

"እንግዲያ ሀብትነሽ፣ እኔ ፈንቴ ለልጇ ኩባያ ለየሁባት ብላ አምና ነው የሞተችው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔም ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ። እናቴ በሞተች ጊዜ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩት። አልገፉኝም፤ እጃቸውን ፀጉሬ ላይ አድርገው፣ አንዱን ዘለላ እየያዙ እየለቀቁ፣ ዳቦው እስኪያርር ድረስ ቆዩ።

ሴቶቹ ሲመጡ ተነሥተን ፊታችንን ታጠብን። እማማ አስናቀች የሉም፣ አባ ወልደ ኪዳንም የሉም፤ ወጣት ቄስ ናቸው ዳቦውን የባረኩት፤ ትንሽ አርሮ ነበር፣ ማንም ምንም አላለም። የጽዋው ልብስ ያው የእናቴ ነው፤ ሰማያዊ ክሩ ገርጥቷል፣ ያልተጠለፈው ጥግ እንዳለ ነው። በሩ አጠገብ ሁለት ቦታ ተለቆ ነበር። በላይኛው እኔ ተቀመጥኩ፤ እትዬ ፈንታነሽ በርጩማቸውን ይዘው ከእኔ በታች ወረዱ።

ጽዋው ዞሮ ደረሰኝ። ጠጥቼ አቀበልኳቸው። እጃቸው ወደ ነጠላቸው አልሄደም፤ እኔ በጠጣሁበት በኩል ቀስ ብለው ጠጡ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ "እኔና አንቺስ እውነቱን ተነጋገርን። ለእሷ ግን ማን ይንገራት?" አሉኝ።